አዎ ስንል ጉበት ይወርዳል

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ሲስተር አይደለሁም፣ የራጅ ባለሙያ ነኝ» ስል ኖሬ፣ በጡረታ መሸኛዬ ቀን የሰጡኝ የምስጋና ወረቀት ላይ ምን ብለው ቢጽፉ ጥሩ ነው? «ለሲስተር አስካለ»። ያውም በፍሬም፣ በወርቃማ ቀለም። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ ደሜ ፈላ። ምን ይደረጋል፣ ፈገግ ብዬ ተቀበልኩ። ጋቢና የግድግዳ ሰዓትም ጨመሩልኝ። ሰዓቱ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ወረቀቱን ግን አልጋ ሥር ከትቼዋለሁ።

አልጋዬ ሥር ሌላም ነገር አለ፤ የራጅ ፊልም የሚመጣበት ካርቶን። ውስጡ በረኪና ያጠባቸው፣ እንደ መስታወት የሚያሳዩ አሮጌ ፊልሞች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ሰው ጉበት ጠርዝ በማርከር ተሥሏል። ይህንን ሁሉ የምጽፈው ከእነዚያ ፊልሞች ስለ አንዱ ነው። አንድ ደግ ሰው ባላጠፋው ጥፋት አሥራ አንድ ዓመት ሲወቀስ ኖሯል፤ ያውም ከሞተ በኋላ፣ ያውም በገዛ ሚስቱ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሌላውን የምነግራችሁ ይሄን እንድትረዱልኝ ብዬ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ክፍለ ሀገር ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም አጥቤ፣ እንደ ልብስ በገመድ ላይ አሰጣለሁ። የማየው አጥንት ብቻ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አጥንት ታማኝ ነው። የተሰበረ ክንድ ጠዋት ብታነሱት፣ ማታ ብታነሱት፣ ስብራቱ እዚያው ነው። አምስት ዓመት አጥንት ሳነሳ ቆይቼ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ፤ ቂርቆስ ውስጥ አንድ ሆስፒታል አልትራሳውንድ ክፍል ተመደብኩ። ደሞዙን ተዉት፣ እሱን ባነሳ ቀኑ ይመሻል። የተመደብኩት ከዶክተር ይልማ ጋር ነበር።

ዶክተር ይልማ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን የሲቲ ስካን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቀሉና «ይሄ እብጠት የት ነው ያለው?» አሉኝ። እኔ ፈጠን ብዬ በጣቴ አሳየኋቸው። «እሱ ትናንት የነበረበት ነው» አሉ። «በሽተኛው ፎቶ ሲነሳ ደረቱን ነፍቶ ነበር። አሁን ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እንደ ልቡ እየተነፈሰ ነው። ታዲያ አሁን የት ነው?»

ሆድ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር እንደሌለ ያን ቀን ገባኝ። ጉበት ከሳንባ ሥር ያለው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ላይ ተንጠልጥሏል። አየር ስንስብ ወደ ታች ይገፋል፣ ስናወጣ ወደ ላይ ይመለሳል። ሰው በጎኑ ሲተኛ ይደፋል፣ የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ ጫን ስታደርጉበት ይጨፈለቃል። ሰዎች ሲናደዱ «ቆሽቴ አረረ» ይላሉ፤ ቆሽታቸው የት እንዳለ ብጠይቃቸው አንዳቸውም አያውቁም። እኔም ብሆን እስከዚያ ድረስ የማውቀው የሥዕሉን ቦታ ብቻ ነበር።

ዶክተር ልማዶች ነበሯቸው። የጄሉን ብልቃጥ ብብታቸው ሥር ይዘው ነው የሚዞሩት። ብርዱ ወጣ እስኪል ድረስ ሆድ ላይ አያፈሱም። «ቀዝቃዛ ነገር የነካው ሆድ ይሸማቀቃል፤ የተሸማቀቀ ሆድ ደግሞ ይዋሸኛል» ይላሉ። ከዚያ መዳሰሻውን ሳያነሱ መዳፋቸውን የበሽተኛው የጎድን አጥንት ሥር ያሳርፉና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አምስት ትንፋሽ ይቆጥራሉ። አንዲት እናት የሚጸልዩላቸው መስሏቸው አምስተኛው ላይ «አሜን» ብለው፣ ዶክተርም ሳይስቁ «አሜን» ብለዋቸዋል። እኔ ግን መጋረጃ ጀርባ ገብቼ አፌን አፍኜ ስቄያለሁ።

ከጉበት እብጠት ናሙና የሚወሰድበትን መርፌ ያስተማሩኝ በበሬ ጉበት ነው። ካዛንቺስ ካለው ልኳንዳ ጉበት አስገዝተው፣ ሳፋ ውስጥ ጄላቲን አፍልተን አፍስሰንበት፣ የተዘፈዘፈ ሽምብራ መሃሉ እንቀብርበታለን። ሽምብራው እብጠት ነው እንግዲህ። ከሳፋው ሥር የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ እናነጥፍና ፓምፑን ስንጨምቅ ጉበቱ ከፍ፣ ስንለቅ ዝቅ ይላል። «መርፌ ሲጠጋው ጉበት ምን ያደርጋል?» አሉኝ። «ይወጋል» አልኳቸው። «መጀመሪያ ይሸሻል» አሉ። እውነትም ሞከርኩት፤ መርፌው ከመግባቱ በፊት ጉበቱ ጎበጥ ይላል፣ ሽምብራው ደግሞ ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ያመልጣል። ስንት ቀን ነው ያንን ሽምብራ ሳሳድድ የዋልኩት! በጾም ወቅት የእኛ ሰፈር ልኳንዳ ሲዘጋ፣ ቂርቆስ ካለ ሙስሊም ሥጋ ቤት ነበር የምንገዛው። ባለቤቱ ሁዳዴ አጋማሽ ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ ጉበት ስገዛ አይቶ «ጾም አይደል እንዴ እናቴ?» አለኝ። «ለመብላት አይደለም» ስለው ጭራሽ ግራ ገባው።

አስተዳዳሪያችን አንድ ቀን አፍንጫቸውን ይዘው ገቡና «ይሄ የምርመራ ክፍል ነው ወይስ ሥጋ ቤት?» ብለው ጮሁ። ዶክተር ይልማ ቀና እንኳ አላሉም። «እዚህ ሳፋ ላይ ካልተሳሳትን፣ እዚያ ነው የምንሳሳተው» ብለው በአገጫቸው ወደ በሽተኞቹ አግዳሚ አሳዩ። አስተዳዳሪው ተመልሰው አልመጡም።

ፊልሞቹም የእሳቸው ሥራ ናቸው። የተጣለ የራጅ ፊልም በበረኪና ስናጥበው ሥዕሉ ይለቅና ጥርት ያለ ላስቲክ ይሆናል። የአልትራሳውንዱ ስክሪን ላይ ለጥፈን፣ በሽተኛው አየር ስቦ ሲይዝ የጉበቱን ጠርዝ በሰማያዊ፣ አውጥቶ ሲይዝ በጥቁር እንሥላለን። ሁለት መስመር፣ ስሙ፣ በቃ። የአንዱ ሰው ጉበት ሁለት ጣት ይሄዳል፣ የሌላው ሦስት። አንድ የቤተ ክርስቲያን መዘምር ነበር፣ አራት ጣት የሄደ፤ እሱን ሰው ሁሉ እየጠራሁ አሳይቻለሁ። ዶክተር ሁሉንም አስቀምጪ አሉኝ፣ አስቀመጥኩ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ የትንፋሽ ሰው ሆንኩ። ዶክተር መርፌውን ሲይዙ፣ እኔ በአንድ እጄ ስክሪኑን፣ በአፌ ደግሞ የበሽተኛውን ትንፋሽ እይዛለሁ። «ትንፋሽ ይያዙ» ያላችሁት ሰው መጀመሪያ ጉንጩ እስኪነፋ ድረስ አየር ይስባል። ስለዚህ «ያውጡ... ያውጡ... በቃ፣ እዚያው ላይ ይቁሙልኝ» ነው የሚባለው። መርፌ ከመነካቱ በፊት ሦስት ጊዜ እናለማምዳለን። መርፌው ገብቶ እስኪወጣ ባለችው ትንሽ ጊዜ ጉበቱ ከቦታው መነቃነቅ የለበትም። መርፌው በዶክተሩ እጅ የቆመ ነው፤ ጉበቱ ከሄደ በስለቱ ላይ ነው የሚሄደው። ይሄን እንደ ስሜ አውቅ ነበር።

ጋሽ ተሾመ የሰፈራችን ሰው ነበሩ፤ ካዛንቺስ፣ ከእኛ ግቢ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ። ፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ለሕፃን ልጅ እንኳ ባርኔጣቸውን የሚያነሱ ሰው። ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ አያውቁም፤ መንገድ ላይ አሥር ሰው ቢጠራቸው አሥር ጊዜ ይቆማሉ። በዚህ ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ሁሌ ይዘገያሉ እያሉ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ይነጫነጩባቸዋል። ሆዳቸውን መታመም ከጀመሩ በኋላ እትዬ ብርቄ ሐኪም ቤት ሂድ፣ ሂድ እያሉ ስንት ወር ለመኗቸው። እሳቸው ደግሞ «ይሻለኛል» እያሉ ቆዩ። በመጨረሻ መጡ፤ ጉበታቸው ላይ እብጠት ታየ፣ በመርፌ ናሙና ይወሰድ ተባለ። እኔ ነኝ እትዬ ብርቄን «አይዞዎት፣ እኔ አብሬያቸው እገባለሁ» ያልኳቸው። እትዬ ብርቄ የባላቸውን ባርኔጣ ጭናቸው ላይ አድርገው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ሦስት ጊዜ አለማመድኳቸው። እንደ ጋሽ ተሾመ ትንፋሽ ያቆመ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ያውጡ ስላቸው ያወጣሉ፣ ይቁሙልኝ ስላቸው በስክሪኑ ላይ ጉበታቸው ቀጥ ይላል። ጥቁሩን መስመር ሳይንቀጠቀጥ ሣልኩት። ዶክተርም «ጎበዝ ተማሪ» አሏቸው።

መርፌው ገባ። እንዳይተነፍሱ አልኳቸው፣ አልተነፈሱም። ፊታቸውን አየሁ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ከጎኔ የተኙት የሰፈሬ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ሲሰቃይ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። አንጀቴ አልችል አለ። ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ «ጋሽ ተሾመ፣ ደህና ነዎት አይደል?» አልኳቸው።

እኛ አዎ ስንል እንዴት እንደምንል አስባችሁት ታውቃላችሁ? አንድ ሰው ሲጠይቀን አፋችንን ከፈት እናደርግና አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ያቺ አጭር ትንፋሽ፣ አለቀ፣ አዎ ማለት ናት። በቀን ስንት ጊዜ እንደምንላት አይታወቀንም። ጋሽ ተሾመ ጠያቂ ጠይቋቸው ሳይመልሱ የማያልፉ ሰው፣ መርፌ ጎናቸው ውስጥ እያለ፣ ደህና ነኝ ሊሉኝ አየር ሳብ አደረጉ።

ጉበታቸው ስክሪኑ ላይ ተወርውሮ ሲወርድ አየሁት። መርፌው እዚያው ቆሟል። አውራ ጣቴ ሳላዘው ማቆሚያውን ቁልፍ ተጫነና ሥዕሉ ደርቆ ቀረ። ዶክተር መርፌውን አወጡና «ምን ሆኑ?» አሉኝ። «ተነፈሱ» አልኳቸው።

ተነፈሱ። አንዲት ቃል ናት፣ ውሸትም አይደለችም። ግን ግማሽ ናት፤ ሌላውን ግማሽ ዋጥኩት። ብዙም ሳይቆይ ደም ግፊታቸው መውረድ ጀመረ፣ ሆዳቸው ተነፋ፣ ወደ ቀዶ ጥገና ሮጥን፣ ደም ተሰጣቸው፣ አልሆነም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፉ። ዶክተር ይልማ ፋይሉ ላይ «በሽተኛው በሂደቱ መሃል በድንገት ስለተነፈሱ» ብለው ጻፉ፤ ለእትዬ ብርቄም ይሄንኑ ነገሯቸው። ሲነግሯቸው እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። እትዬ ብርቄ ባርኔጣውን አገላብጠው እያዩ «ትንፋሽህን ያዝ ተብሎ?» አሉ።

ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ንፍሮ መዳፌ ላይ አለ። እትዬ ብርቄ ደረታቸውን እየደቁ «አንተ ሰውዬ! እኔ ስለምንህ አልሰማህ፣ ሐኪም ሲያዝህ አልሰማህ! ምን አለበት አንዲት ትንፋሽ ብትይዝልኝ!» ይላሉ። ሴቶቹ «በቃ፣ በቃ፣ ሙት አይወቀስም» ይሏቸዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አፌን ብከፍት ያልቅልኝ ነበር፤ ሥራዬን አስቤ፣ ልጆቼን አስቤ፣ ፈርቼ ንፍሮዬን በላሁ። ከሠላሳ አንዱ ዓመቴ ውስጥ የማፍርበት ጥያቄዋን መጠየቄ ብቻ አይደለም። የበለጠ የማፍረው በዚያ ንፍሮ ነው።

ከለቅሶ መልስ፣ የዚያን ቀን የደረቀውን ሥዕል ከማሽኑ አወጣሁና በፊልሙ ላይ በቀይ ማርከር ሣልኩት፤ ከጥቁሩ በታች፣ ሦስት ጣት ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ለምን እንደሣልኩት አላውቅም። ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። በሳምንቱ ዶክተር ይልማ ፊልም ሲፈልጉ አገኙት። ብርሃኑ ላይ ይዘው ረጅም ጊዜ አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ መልሰው አስቀመጡት። የሚቀጥለው በሽተኛ ሲገባ ወንበር ስበው ራስጌው አጠገብ አስቀመጡኝና፣ በሽተኛውን «እጅዎን ለእሷ ይስጡ» አሉ። «መርፌው ውስጥ እያለ ማንም አያናግርዎትም፤ እርስዎም ለማንም አይመልሱም። አዎ ከሆነ እጇን ይጭመቁ። ካመመዎትም ይጭመቁ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ሁሌ እንደዚያ ነበር የምንሠራው። ስንት እጅ ጨምቆኛል! ዶክተር ሁሉንም እንዳወቁ ያወቅኩት በዚህ ነው። የእሳቸውን ድርሻ አስተካከሉ፤ የእኔን ድርሻ ለእኔ ተዉልኝ። ይኸው እሳቸውም አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማረው።

ዓመታት አለፉ። የካዛንቺስ ሰፈራችን ፈረሰ፤ እኔ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ፣ እትዬ ብርቄ ወሎ ሰፈር ልጃቸው ጋ ገቡ። ሙት ዓመቱ በመጣ ቁጥር ግን እንጠራራለን፤ እኔም ሄጄ ከጎናቸው እቀመጣለሁ። ሁሌም ያችኑ ወቀሳ ያነሳሉ። ከአርባው በኋላ የባላቸው መቃብር ድረስ ሄደው እንደማያውቁ የነገረችኝ ልጃቸው ናት። «ምን ልለው ነው የምሄደው? እሱ እንደሆነ አይሰማ» ይላሉ አለችኝ።

ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ወር ማህሌት የምትባል ኢንጂነር ደወለችልኝ። ከድሮ ሆስፒታሌ ሰዎች ስለ ፊልሞቹ ሰምታ ነው። ቢሮዋ ካዛንቺስ አዲስ ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ ነው፤ በመስኮቱ ስታዩ የድሮ ቤቴ የነበረበትን ቦታ ታያላችሁ፣ አስፋልት ሆኗል። ኮምፒዩተሯ ላይ በጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች የተሠራ ጉበት ይተነፍሳል። «ይሄ ሞዴል፣ ማለቴ በቃ፣ ሐኪሙ መርፌውን ሳያስገባ ጉበቱ ወዴት እንደሚሄድ ይነግረዋል፣ ሲስተር» አለችኝ።

«ሲስተር አይደለሁም» አልኳት። «መርፌ ሲጠጋው ይሸሻል?»

ይሸሻል፣ ትንሽ ጎበጥ ይላል። «መዳሰሻውን ጫን ሳደርገውስ?» አሳየችኝ። ደህና ነው፣ ግን ታዛዥ ነው፣ በጣም ታዛዥ። «እንዲህ የሚተነፍስ ሰው አላጋጠመኝም» አልኳት። «የኔ በሽተኞች ይፈራሉ፣ ያስነጥሳቸዋል፣ ይስቃሉ።» ሳቀችና «ለዚህ እኮ ነው እርስዎን የፈለግኩት» አለች። ለሳምንታት ተመላለስኩ። እሷ ፊልሞቹን አንድ በአንድ ፎቶ ታነሳለች፣ እኔ የእያንዳንዱን ሰው ትንፋሽ እነግራታለሁ። ስሞቹን እየሸፈነች ነው የምታነሳቸው፤ በዚህ ወደድኳት።

ካርቶኑ ሥር ስንደርስ ቀይ መስመር ያለውን አነሳች።

«ይሄኛው ኤረር መሰለኝ። ጥቁሩ ላይ ቆሞ እንዴት በአንዴ እዚህ ይደርሳል? ማለቴ፣ ሰው በዚህ ፍጥነት አይተነፍስም። ላውጣው?»

ላውጣው። አውጪው ብላት ያልቅ ነበር። ፊልሙም፣ ጋሽ ተሾመም፣ እኔም።

«ምሳ በልተሻል?» አልኳት።

አየር ሳብ አደረገች።

«አየሽ?» አልኳት።

አልገባትም። ደገምኩላት፤ እጇን ከጎድን አጥንቷ ሥር አድርጌ «ደህና ነሽ?» አልኳት። ሳብ። እጇ ከውስጥ ተገፋ። ዓይኗ ፈጠጠ። ወዲያው ትንሿን አልትራሳውንድ አመጣች፣ ሶፋው ላይ ተኛች፣ ባልደረባዋን ጠርታ ተራ ጥያቄ አስጠየቀች፤ ጉበቷ ስክሪኑ ላይ ተወርውሮ ወረደ። «ወይ ጉድ! ካነበብኩት ነገር ሁሉ ውስጥ ይሄ የለም» አለች። «የለማ፣ ፈረንጆቹ ጸሐፊዎች አዎ ሲሉ አየር አይስቡም» አልኳት። ባልደረባዋ ሲወጣ ፊልሙን መልሳ አነሳችው።

«እኚህ ሰውዬ ምን ሆኑ?»

ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ስጨርስ እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅኩት እሷ ሶፍት ስታቀብለኝ ነው። «ቤተሰባቸው ያውቃል?» አለች። «አያውቅም።» «እኔ ሞዴሉ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ሐኪሞቹም በእጅ እንዲጠይቁ እንጽፋለን» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን እኮ ሚስታቸው የእኔን ኮምፒዩተር አያዩም።»

በማግስቱ ፊልሙን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ከመስቀል አደባባይ ታክሲ ይዤ ወሎ ሰፈር ሄድኩ። እትዬ ብርቄ ብቻቸውን ነበሩ። ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ሙት ዓመቱ ገና ነው እኮ! ምን አመጣሽ?» አሉኝ።

መቀመጥ አልቻልኩም። ፊልሙን አውጥቼ መስኮቱ ላይ ያዝኩት።

«እትዬ ብርቄ፣ ጋሽ ተሾመ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ይሄ ጥቁሩ መስመር የእሳቸው ጉበት ነው። እንደታዘዙት አቁመውታል። ማንም ሰው እንደሳቸው አላቆመም። ይሄ ቀዩ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው። መርፌው ውስጥ እያለ አናገርኳቸው፤ እሳቸው መለሱልኝ።»

መስመሮቹን አዩ። ጣታቸውን ዘርግተው ጥቁሩን ነኩት።

«ምን አልሽው?»

«ደህና ነዎት ወይ አልኳቸው።»

«እሱስ?»

ጋሽ ተሾመ እንዳደረጉት አየር ሳብ አደረግኩ።

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «እንደዚህ ነው የሚለኝ» አሉ። «ጠዋት ጠዋት ተነሳህ ወይ ስለው፣ እንደዚህ ነው የሚለኝ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና ፊታቸው ተለወጠ። «አሥራ አንድ ዓመት! ከጎኔ ተቀምጠሽ ስሰድበው ትሰሚ ነበር?»

«እሰማ ነበር።»

«አፈር ያስገባሁት ሰው ነው እኮ! በአፌ ደግሞ በየዓመቱ ስቀብረው ኖርኩ!» «ውጪልኝ፣ አስካለ። ፊልሙን ተይውና ውጪልኝ።»

ፊልሙን ጭናቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ትክክል ናቸው፣ ምን እላለሁ። ደረጃው መሃል ስደርስ ስሜን ጠሩት፤ ተመለስኩ፣ በሩ ላይ ቆምኩ። እሳቸው ወደ እኔ አልዞሩም፤ ፊልሙን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ነው የሚያዩት።

«ነገ ጠዋት ነይ» አሉ። «መቃብሩ ድረስ ይዘሽኝ ትሄጃለሽ፤ ይሄ ጉልበቴ ብቻዬን አያደርሰኝም። ሰምቶ እንደነበር እኔ እነግረዋለሁ። ይቅርታውን ግን አንቺ ነሽ የምትጠይቂው፣ በአፍሽ፣ ቆመሽ። ትመጫለሽ?»

አዎ፣ እመጣለሁ ልላቸው ነበር። አየር ብቻ ሳብ አደረግኩ። እጄ ሳላዘው የጎድን አጥንቴ ሥር ሄደ፤ ከመዳፌ በታች ጉበቴ ሲወርድ ተሰማኝ።